በግድግዳው ጥግ የቆመው ችቦ

አንድ ሸማኔ ነበር። ከጋሞ ደጋ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ የሚሸምን፣ እጁ የተባረከለት ሰው። የጋሞን ሰው መቼም ታውቁታላችሁ፤ የትም ይዋል የትም፣ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ይኼም ሰው በየዓመቱ ይገባ ነበር።

ሻጊሬ ግን አይገባም ነበር። ሻጊሬ ማነው? ሸማኔው «አስተምረዋለሁ» ብሎ ከእናቱ እጅ የተቀበለው ልጅ ነው። ታዲያ ትምህርት ቤት አስገባው? ምን ሲደረግ! የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠው። እግሩ መርገጫው ጋ አልደርስ ቢለው እንጨት አሰረለት። ለመስቀል ሲሄድም ቆሎና ውኃ ያስቀምጥና ከውጭ ይቆልፍበታል።

አገር ቤት ያለችው እናቱ፣ ለመስቀል በመጣ ቁጥር ትጠይቀዋለች፤ «ልጄስ?»

«ትምህርት ተጀምሮበት ነው» ይላታል። እሷም ትመርቀዋለች። አያችሁ? በልጇ ላይ የቆለፈውን ሰው ትመርቀዋለች!

አንድ መስቀል ታዲያ ሊጠይቃት እቤቷ ገባ። በግድግዳው ጥግ የተደረደሩ ችቦዎች አየ። አንዱ አዲስ ነው፤ ሌሎቹ ጥላሸት ለብሰዋል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አላት።

«የሻጊሬ ናቸዋ! በየዓመቱ የወንድሞቹን ሳስር የሱንም አስራለሁ። ሲመጣ ያበራቸዋል።»

ሰውየው ችቦዎቹን ቆጠረ፤ በልጁ ላይ የቆለፈባቸውን መስቀሎች ያህል ናቸው። እጁን ኪሱ ቢከት ምን አገኘ? ቁልፉን! አፈረ፤ በራሱ አፈረ።

በዓሉን ጥሎ ተነሣ። አዲስ አበባ ተመልሶ በሩን ከፈተ። «ሻጊሬ፣ ውጣ፤ አገርህ እንግባ» አለው።

«ጋሼ፣ ጋቢው እኮ አላለቀም።»

«ይቅር ልጄ! ጋቢው ይቅር!»

ሲደርሱ መስቀል አልፏል፤ ደመራው አመድ ሆኗል። ሸማኔው እናትየው እግር ላይ ወድቆ ያደረገውን ሁሉ ተናገረ። «ከአንተ ጋር በኋላ!» አለችውና ችቦዎቹን ታቅፋ እልል እያለች ወጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ችቦ ቢያጣ ጭራሮ ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሻጊሬ አንዱን ለኮሰ። ሌላውን ለኮሰ። ሁሉንም ለኮሰ! በዚያ መንደር መስቀል ሁለቴ ተከበረ።

ወገኖቼ፣ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው «ባርነት ይብቃ፤ የሕፃን ጉልበት አይበዝበዝ» ብለው ተፈራርመዋል። እሰይ! እልል በሉ! ግን ፊርማው ብቻውን የእናንተን ጓዳ ይከፍታል? «እንደ ልጄ ነው የማያት» የምትሏት ያቺ ልጅ፣ አንድ በዓል እንኳ አባቷ ቤት ውላ ታውቃለች? እስቲ ኪሳችሁን ዳብሱ። ቁልፉ እናንተ ጋ ነው። ዛሬውኑ ክፈቱ! ችቦዋን አስራ የምትጠብቅ እናት አለች።