ቤቱ የተፈረደላት ሴት

አንድ ጠበቃ ነበረ። ተቀመጥ አምባቸው፣ ሰዓትህን አትይ፤ የጠየቅኸኝን ነው የምመልስልህ። «ሥራ ሲደራረብብኝ ፋይሉን ለሌላ ጠበቃ ባስተላልፍ፣ ደንበኛዬ እስካሸነፈ ድረስ ምን ነውር አለው?» አይደል ያልከኝ? ችሎት ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝና ስማኝ።

ወደዚህ ጠበቃ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መጣች። የባሏ ወንድም ቤቱን ለእሱ የሚያወርስ የሟቹን ኑዛዜ ይዞ ከቤቷ ሊያስወጣት ነው። ባልየው የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብረው ሰው ነበር። ሴትዮዋ በሩን አስዘግታ ካከመው ሐኪም በቀር ማንም የማያውቀውን ነገረችው። ባሏ ሲናዘዝ አእምሮው ታውኮ ነበር። እሷን «ሌባ» እያለ ያባርራት፣ ልብሱንም ላዩ ላይ ያበላሽ ነበር። ጎረቤት እንዳያየው ብላ በር ዘግታ ብቻዋን አስታመመችው።

«ይህን ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ፤ በሌላ መንገድ ተከራከርልኝ። ችሎት ላይ ከሚነሳ ቤቱ ይቅር» አለችው። እሺ አላት።

ከዚያ ሥራ በዛበትና ፋይሉን ለሌላ ጠበቃ ሰጠ። የፈረመችለት ውክልና ይፈቅድለታል፤ ለእሷ ግን አልነገራትም። ለአዲሱ ጠበቃም የባሏን ሕመም አስረድቶ አደራዋን ሳይነግረው ቀረ።

በቀጠሮው ቀን ሰፈርተኛው ችሎቱን ሞላው። ለእሷ የቆመላት አይታው የማታውቀው ሰው ነው። ጎበዝ ነበር፣ መቼም አይካድም። ያከመውን ሐኪም አስመስክሮ የሟቹን ነገር አንድ ሳያስቀር አወጣው፣ የልብሱን ሳይቀር። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ኑዛዜው ፈረሰ፣ ቤቱ ተፈረደላት።

ጠበቃው «እንኳን ደስ አለዎት» ሊላት ቤቷ ሄደ። አልተቆጣችውም።

«ቤቱንስ አገኘሁ ልጄ» አለችው። «አሁን ግን ስሙን ሳነሳ ሰዉ ሳቁን ይይዛል። ከማን ጋር ላልቅሰው?»

አየህ አምባቸው፣ ሥራህን አታካፍል አላልኩህም። ሥራ ይበዛል፣ አውቃለሁ። ግን ቢሮህ መጥቶ ጉዱን የሚዘከዝክልህ ሰው የነገረው ለአንተ ነው እንጂ ሕግ ለተማረ ሁሉ አይደለም። ለሌላ ከመስጠትህ በፊት ሄደህ ጠይቀው፤ እምቢ ካለህ ማስተላለፉን ተወው። እሺ ካለህም አደራውን አብረህ ስጥ፣ በቀጠሮውም ቀን እዚያው ተገኝ። ያ ጠበቃ ይህን ጉዳይ እስከ ዛሬ ካሸነፋቸው ጉዳዮች ጋር ነው የሚቆጥረው። አንተም «እስካሸነፈ ድረስ» ያልከኝ እንዲህ ያለውን ማሸነፍ ነው።