የማክሰኞ ድንጋዮች

ተረት ተረት!

የማታ መብራት!

በርቱ፣ ድምፃችሁን ልስማው። እንቅልፍ የያዘው ይተኛ፤ የነቃው ወደ እሳቱ ይጠጋ። ይህ ተረት ሳቅም አለበት። የሳቁት ሰዎች ግን ኋላ አልቅሰውበታል።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ አምባ ሥር፣ ሦስት ጓደኞች ነበሩ። አንደኛው ደምለው ይባላል፤ ሸማኔ ነው። ሁለተኛው ጓንጉል ይባላል፤ ኮርቻ ሰፊ ነው፤ ምላሱም ከወስፌው ይሾላል። ሦስተኛው ባየልኝ ይባላል፤ የሰው ጣራ እየዞረ በሣር ይከድናል። ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፤ ሲስቅ ግን ከማዶ ይሰማል። ሦስቱም ድሆች ነበሩ። ድህነታቸውን በየቤታቸው ትተው የሚወጡባት አንዲት ማታ ግን ነበረቻቸው። እርሷም የማክሰኞ ማታ ናት።

ለምን ማክሰኞ ሆነች ብትሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምባው ላይ ከተማ ነበር። በከተማውም እትዬ ዘርትሁን የሚሏት ጠላ ሻጭ ነበረች። ቅዳሜ ገበያ ነውና ጠላዋን ባለ በቅሎውና ባለ ጋሻው ይጠጣዋል። እሑድም እንዲሁ። ሰኞ ጋኑ ይሟጠጣል። ከዚያም በድፍድፉ ላይ ውሃ ትደግምበታለች፤ ማክሰኞ ማታ ቀጭን ቅራሪ ይወጣዋል። ቅራሪ አያሰክርም፤ ጉሮሮ ያርሳል፣ ጨዋታ ያስረዝማል። ዋጋው አንድ እፍኝ ደረቅ ጌሾ ነው። ጌሾ ያለው ከጓሮው ይለቅማል፤ የሌለው ከጎረቤት ይለምናል። በቤቷ የሚጫወተው አዝማሪም ማክሰኞ የሚሸልመው ስለማያገኝ፣ እንዲያው ጣቱ እንዳይደርቅ ማሲንቆውን ይገዘግዛል። መጠጡ ርካሽ፣ ዘፈኑ በነፃ፣ መንገዱም በእግር ነው።

ሲቀጣጠሩም ነገር አያበዙም። ከምንጩ ዳር ይገናኙና ጓንጉል፦ «ማክሰኞ እንዴት ናት?» ይላል።

ባየልኝም፦ «ማክሰኞማ ማክሰኞ ናት» ይላል።

ደምለውም፦ «ጌሾ አለኝ፤ እግርም አለኝ» ይላል።

ጓንጉልም፦ «እግርህንስ ተወው! ከሸማኔ ጉድጓድ ወጥቶ ፀሐይ ባየ ቁጥር ያስነጥሰዋል» ይላል። ባየልኝ ይስቃል፤ ማዶ ያሉ ውሾች ይጮኻሉ። ቀጠሮው በዚሁ ያልቃል።

ከምንጩ አጠገብ፣ ከሾላው ሥር፣ ጠፍጣፋ ቋጥኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት፣ ማታ መውጣት የፈለገ ሰው አንድ ድንጋይ በቋጥኙ ላይ ያስቀምጣል። ሦስት ድንጋይ ከሞላ፣ ከቀትር በኋላ እዚያው ይገናኙና ይወጣሉ፤ ድንጋዮቹም እስከ ማግስቱ እዚያው ያድራሉ። ካልሞላ ግን ያስቀመጠው ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥቶ ድንጋዩን ያነሣና ቤቱ ይገባል። ስለዚህ በዚያ ቋጥኝ ላይ ያደረ ድንጋይ ትርጉሙ አንድ ነበር፤ ወጥተዋል ማለት ነው።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ድንጋይ ያላስቀመጠ ሰው «ለምን ቀረህ?» ተብሎ አይጠየቅም። ይህን ሕግ ያወጣው ባየልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጌሾ አጥቶ ቢቀር፣ ጓንጉል በሰው ፊት፦ «ምነው ቀረህ? ሚስትህ አሰረችህ እንዴ?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባየልኝ ኋላ ሦስቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን፦ «ወንድሞቼ፣ ድሃ ለምን ቀረህ ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ መልሱንም ሁላችን እናውቀዋለን። ስለዚህ አንጠያየቅ» አላቸው። እነርሱም ደግ ሕግ ነው ብለው ማሉበት።

አንድ ማክሰኞ ማታ ሦስቱ ከእትዬ ዘርትሁን ቤት መደብ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ደምለው ሸማኔ ይሁን እንጂ የለበሰው ኩታ ወንፊት ነበር። የሌላውን ሰው ሸማ ሲሠራ ይውላል፤ የራሱን ለመሥራት ጊዜም ክርም አይተርፈውም። አዝማሪው ያን ኩታ አየና ማሲንቆውን ወደ እርሱ አዙሮ፦

«ለሰው ሲሆንማ ሌት ቀን ይመታል፣
ለራሱ ሲደርስ ክር ያልቅበታል»

ብሎ አዜመ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ደምለውም ከሰው ጋር ሳቀ። ከሳቁ ሁሉ በላይ ግን የባየልኝ ሳቅ ተሰማው። ያ ከማዶ የሚሰማ ሳቅ፣ እዚያው ጎኑ ሆኖ፣ ደረቱን ወጋው።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ባየልኝ፦ «ተቀየምክ እንዴ?» አለው።

ደምለውም፦ «ኧረ ምን በወጣኝ!» አለ። መልሱን ሰጠ፤ ቂሙን ግን ያዘ።

ከዚያም በልቡ፦ «አዲስ ኩታ ሠርቼ ሳልለብስ ከተማ አልወጣም» ብሎ ማለ። ክር መግዣ አልነበረውምና ከሰው ሥራ የተረፈውን የክር ጫፍ እየለቀመ፣ ጫፍ ከጫፍ እየቋጠረ ማጠንጠን ጀመረ። ቀን የሰውን ይሠራል፤ የቀረችውን ጥቂት ብርሃን ለራሱ ያደርጋል። ኩታውም በቀን ስንዝር አይሞላም። ማክሰኞ ሲደርስ ድንጋይ አላስቀመጠም። ማንም አልጠየቀውም። ሕግ ነውና።

በዚያው ማክሰኞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ከመንገዱ ላይ ሆኖ ወደ ቋጥኙ አሻግሮ ቢያይ፣ ድንጋይ ነጣ ብሎ ታየው። አልተነሣም። ደምለውም፦ «ወጥተዋል። ያለ እኔ ወጥተዋል» አለ። ጠጋ ብሎ ስንት እንደሆነ አልቆጠረም፤ ኩራቱ አላስጠጋውም። እንስራውን በግማሽ ቀድቶ ተመለሰ።

በሁለተኛው ማክሰኞ ቢያይ ድንጋዩ ጨምሯል። «በእኔ ምትክ ሌላ ሰው አስገቡ» አለ። በሦስተኛው አሁንም ጨምሯል። «አሁንማ ማኅበር ሆኑ» አለ። ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ ውሃ ይቀዳ ጀመር፤ የጓደኞቹን ስም የሚያነሣ ሰው ቢያገኝም ሳይሰማ ያልፋል። ማታ ማታ ነፋስ ከአምባው ሲወርድ የባየልኝን ሳቅ የሰማ ይመስለዋል። ያን ጊዜ መወርወሪያውን ጠበቅ አድርጎ ይይዝና፦ «ቆይ፣ ይህን ኩታ ለብሼ መሐላቸው ስቆም ያዩኛል» ይላል። አያችሁ፣ ኩታ ለብርድ መሆኑን ረስቶታል።

በሰባተኛው ማክሰኞ ኩታው አለቀ። ከየሰዉ ክር ተለቃቅሞ የተሠራ ነውና ቀለሙ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ግን ጥብቅ ነበር፣ ይሞቅ ነበር። ደምለው ለበሰው። ጌሾውን ቋጠረ፤ አንድ ድንጋይም ጨብጦ ከቀትር በኋላ ወደ ቋጥኙ ወረደ።

እዚያ ሲደርስ፣ ጓንጉል አቧራ ለብሶ፣ ከስቶና ጠቁሮ፣ የቆዳ ሸክሙን ከሾላው ሥር እያወረደ አገኘው።

ጓንጉልም ቀና ብሎ፦ «አንተ ሸማኔ! ማን ሞሸረህ?» አለው።

ደምለውም፦ «ስትጠጡ ከርማችሁ ዛሬ አስታወሳችሁኝ?» አለ።

ጓንጉልም፦ «ማን ጠጣ? እኔ ቆዳ ፍለጋ ቆላ ከወረድኩ ሰባት ሳምንቴ ነው። ይልቅስ እኔን ወባ ጠጣችኝ! የጠጣችሁትስ እናንተ ናችሁ፤ ድንጋያችሁ ይኸው ተቆልሎ!» አለው።

ደምለውም፦ «እኔ ከዚያች ማታ ወዲህ አንዲት ድንጋይ አላስቀመጥኩም» አለ።

ሁለቱም ወደ ቋጥኙ ቀረቡ። ደምለው ቆጠራቸው። ሰባት ናቸው። ሰባቱም ነጫጭ፣ ሰባቱም ከአንድ ቦታ የተለቀሙ ናቸው። እንዲህ ያለ ነጭ ድንጋይ በዚያ አገር ከአንድ ሰው ደጃፍ በቀር አይገኝም። ጓንጉል የሚቀልደው ነገር አጣ። ሸክሙን እዚያው ጥሎ ሮጠ፤ ደምለውም ተከተለው።

የባየልኝ ሚስት ማንጠግቦሽ ከደጃፏ ቁጭ ብላ ነበር። ስታያቸው አልተነሣችም።

«መጣችሁ?» አለቻቸው። «ከጭቃ ሹሙ ጣራ ላይ ወድቆ ጎኑ ከተሰበረ ሰባት ሳምንቱ። የመጀመሪያ ቀን በምርኩዝ ሄዶ ድንጋዩን አስቀመጠ። ማታ ሄዶ ለማንሣት ግን አቃተው። ላንሣልህ ብለው፣ ‹ተዪው፤ ካነሣሁት የቀረሁ ይመስላቸዋል› አለኝ። ዛሬ ጠዋትም በደረቱ እየዳኸ ሄደ።»

ደምለውም፦ «እህቴ፣ ምነው ሳትልኪብን?» አላት።

እርሷም፦ «ከለከለኛ! ‹አንጠያየቅም ብለን ተማምለናል፤ እነርሱም ቢቸግራቸው ነው የቀሩት› አለኝ» አለች።

ገቡ። ባየልኝ ከመደቡ ላይ ተጋድሟል፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ዓይኑን ገልጦ አያቸውና፦

«ሦስት ሞላን?» አለ።

ደምለውም፦ «ሞላን፣ ወንድሜ» አለው።

«ታዲያ ምን ያስቀምጠናል? እንውጣ እንጂ» አለና ሊነሣ ክንዱን ተመረኮዘ። ክንዱ ከዳው።

ጓንጉል ደግፎ አስተኛውና፦ «አንተ ዛሬ ጌታ ነህ። ጌታ ወደ ጠላ አይሄድም፤ ጠላው ነው የሚመጣለት» አለው።

ባየልኝ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ከመደቡ አልወረደም። ከዚያም እጁን ዘርግቶ የደምለውን ኩታ ጫፍ ዳሰሰ።

«ለራስህ ሠራኸው?» አለው።

«ለራሴ።»

«ተመስገን። አዝማሪው አፈረ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደምለው፣ ያን ማታ ሳቅሁብህ። ሰው ሲስቅ ሳቅሁ። ቁልቁለቱ ላይ ይቅር በለኝ ልልህ አስቤ፣ አልተቀየምኩም ስትል ዋጥኩት። ድንጋዩን የማስቀምጠው ይህንኑ ልነግርህ ነው።»

ደምለው ባየልኝ ብርድ ብርድ ብሎት ሲንቀጠቀጥ ባየ ጊዜ፣ አዲሱን ኩታ ከትከሻው አውልቆ ሸፈነው። ጫፉንም ከእግሩ ሥር አጠፈለት። ከዚያም፦ «ቆየኝ፤ ቅራሪውን ይዤልህ መጣሁ» ብሎ ቅል አንሥቶ ወጣ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣው አያውቅም። እትዬ ዘርትሁን ቤት ሲደርስ ትከሻው ባዶ፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል። አዝማሪው አየውና፦ «ጭራሽ ቡትቶውንም ጣልከው?» ብሎ ያችኑ ግጥም ደገማት። ሰዉ ሳቀ። ደምለው ዞር ብሎም አላየ። ጌሾውን ለእትዬ ዘርትሁን ሰጣትና፦ «ለባየልኝ ነው፤ ታሞብኛል» አላት። እርሷም ፊቱን አይታ ጌሾውን መለሰችለት፤ ቅሉንም እስከ አፉ ሞላችለት።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ቅሉን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ምንጩን ተሻግሮ ሾላው ዘንድ ሲደርስ ግን ከማዶ ጩኸት ሰማ። የማንጠግቦሽ ድምፅ ነበር። ደምለው ቆመ። ከዚያም ቀስ ብሎ ሄደ፤ የሚቸኩልለት ነገር አልነበረምና።

ጓንጉል ከደጃፉ መሬት ላይ ተቀምጧል። ማንጠግቦሽ ኩታውን ከሬሳው ላይ አንሥታ አጣጥፋ ያዘችና፦ «ያንተ ነው። ለእርሱ ሌላ እንፈልጋለን» አለችው። ከቤቱ ውስጥ ግን የሚፈለግ ጨርቅ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

ደምለውም፦ «ተዪው። የእርሱ ነው» አላት።

በዚያ ኩታ ገነዙት። ጓንጉል ጫፉን ይዞ እያለቀሰ፦ «አንተ ሸማኔ፣ ዛሬም ክር አለቀብህ» አለው።

ደምለውም፦ «አለቀብኝ» አለ።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሁለቱ ከቋጥኙ ዳር ተቀመጡ። ቅሉን ተቀባበሉት። ቅራሪው አድሮ ሆምጥጦ ነበር፤ ቢሆንም ጨረሱት። ከዚያም ሰባቱን ነጫጭ ድንጋዮች ተሸክመው ወሰዱና ከመቃብሩ ራስጌ አኖሯቸው። ደምለው የራሱን ድንጋይ፣ ያችን ጨብጧት የወረደውን፣ ከቋጥኙ ሥር ወድቃ አገኛት። ሲሮጥ ጥሏት ነበር። እርሷንም ከሰባቱ አጠገብ አኖራት። ዘግይታ ደረሰች።

ከዚያ ወዲህ ደምለው ወንፊቱን ኩታ ለብሶ ኖረ። ማክሰኞ ሲመጣ ቋጥኙን አያይም። በየሰዉ ደጃፍ ይዞርና፣ ለጤነኛውም ለቂመኛውም፦ «ምነው ቀረህ? ደኅና ነህ ወይ?» ይላል። መጀመሪያ ሰዉ ተቆጣው። ኋላ ለመደው። አሁን በዚያ አገር ሰው ሲቀር ያልጠየቀ ይታፈርበታል እንጂ የጠየቀ አይታፈርበትም ይባላል።

እኔም ቤቴ ሲመሽ በሬን የሚያንኳኳ አይጥፋ፣ ልጆቼ።

ተረቴን ውሰዱ፣
ቅራሪዬን ቅዱ፤
ጠያቂም እንዲኖረኝ
ነገ ማታ ውረዱ።