የባላምባራስ የክርስትና ስም

አንድ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ዘመዱን የሚያከብር ነው። አያቱ ባላምባራስ ውብነህ ያረፉት በአንድ ደብር ግቢ፣ ከድሮዎቹ የመቃብር ቤቶች በአንዱ ነው።

እነዚያን ቤቶች ልብ ብላችሁ አይታችኋቸዋል? እኔ ከቅዳሴ በኋላ በመካከላቸው መሄድ እወዳለሁ። አንዱ ጉልላት ደፍቷል። አንዱ የአርመን ግንበኛ የጠረበው ቅስት አለው። ሌላው በዓምድ ተደግፎ ባንክ ቤት መስሎ ቆሟል። የባላምባራስ ግን የድንጋይና የጭቃ ክብ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው የዛገ፣ ታዛው ሰፊ።

ሰውየው አፈረ። አያቴ ከማን ያንሳሉ ብሎ ግንበኛ አመጣ። አሮጌው ይፍረስ፣ በእብነ በረድ ባለ ጉልላት ይሠራ ተባለ። በቤቱ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖሩት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሕይወት፣ በሳምንት ውስጥ እንዲወጡ ተነገራቸው።

ታዲያ ግንበኛው አንድ ነገር ጠየቀ፤ በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው የክርስትና ስማቸው ማን ነው?

ሰውየው አያውቅም። አክስቱን ጠየቀ፣ አያውቁም። አጎቱን ጠየቀ፣ አያውቁም። ዘመድ ሁሉ የባላምባራስን ማዕረግ ያውቃል፣ መሬታቸውን እስከ ድንበሩ ያውቃል። በጸሎት የሚጠሩበትን ስም ግን የሚያውቅ ጠፋ።

ቢቸግረው ወደ እማሆይ ሄደ። ዕቃቸውን በአንድ ማዳበሪያ ከተው ታዛው ላይ ተቀምጠዋል።

«ወልደ ሰንበት ናቸው» አሉት ወዲያው። «ሴት አያትህ ቤቱን ሲሰጡኝ፣ ‹ኪራይ አልፈልግም፤ ጠዋት ጠዋት የባሌን ስም ጥሪልኝ› ብለውኝ ነበር። አንድ ቀን አላስታጎልኩም።»

ከዚያ ተነሥተው ማዳበሪያውን ያዙ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ ድንጋዩ ይጥራቸው።»

ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም። ሰውየው አለቀሰ። ማዳበሪያውን ከእጃቸው ተቀብሎ ወደ ውስጥ መለሰው፤ ግንበኛውንም ቆርቆሮውን ብቻ ቀይርልኝ አለው።

ልጆቼ፣ ሐውልት አትሥሩ አላልኩም። ጉልላቱም ቅስቱም ያምራል፤ የጠረቡት እጆች ይባረኩ። ግን ልጠይቃችሁ። የእናታችሁን ፎቶ ሳሎን ሰቅላችኋል፤ የክርስትና ስሟን ታውቁታላችሁ? ለአባታችሁ ሙት ዓመት ድንኳን ትጥላላችሁ፤ ዛሬ ጠዋት ስትጸልዩ ጠርታችሁታል?

እኔ ቄሱ፣ የስንቱን ሙት ስም በየቀኑ የማነሣው፣ የገዛ አያቴን የክርስትና ስም አላውቅም። የሚያውቁት ሁሉ አልፈዋል፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እናንተ ግን ገና የምትጠይቁት አላችሁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ ምሳ ሳይቀርብ ጠይቁ።