የትርንጎ ጫጩቶችና የታሸገው በር

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሕግ የተከበረ ነገር ነው፤ ከጫጩት ጋር አብሬ ማንሳቴም ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ምን ላድርግ፣ አብረው ተገኙ።

ትርንጎ ጫጩት ሻጭ ናት። አንድ ጠዋት ብትመጣ «ፈቃዷ አልታደሰም» ተብሎ ሱቋ ታሽጓል። ጫጩቶቹ ውስጥ ናቸው፤ ውሃቸው አልቋል። በሩ ብረት ነው፤ ከደፉ ጋር ስለገጠመ ውሃ የሚያሾልክ ክፍተት የለውም። ማሸጊያውን የቀደደ ደግሞ ይታሰራል።

ወደ አሻጊው ወደ አቶ ምናሉ ሄደች። «ወንድሜ፣ ማሸጊያውን አንሳልኝ፤ ጫጩቶቼ ይጠጡ።»

«እትዬ፣ ፈቃድሽ ሳይታደስ አላነሳም።»

ወደ ፈቃድ ክፍል ሮጠች። «እህቴ፣ ፈቃዴን አድሺልኝ፤ ማሸጊያው ይነሳ፤ ጫጩቶቼ ይጠጡ።»

«የኪራይ ውል ሳታመጪ አላድስም።»

አከራይዋ ክረምት ላይ ሞተዋል፤ ወደ ልጃቸው ወደ ካሳ ሮጠች። «ውል ፈርምልኝ፤ ፈቃዱ ይታደስ፤ ማሸጊያው ይነሳ፤ ጫጩቶቼ ይጠጡ።»

«ፍርድ ቤት ወራሽ ሳይለኝ አልፈርምም። ነገ የአክስቴ ልጆች ቢከሱኝ አንቺ ትቆሚልኛለሽ?»

ካሳን እየጎተተች በሱቋ በኩል ወደ ፍርድ ቤት አለፈች። የጫጩቶቹ ድምፅ ቀጥኗል።

«ክብርት ዳኛ፣ ካሳን ወራሽ ይበሉልኝ፤ ውሉ ይፈረም፤ ፈቃዱ ይታደስ፤ ማሸጊያው ይነሳ፤ ጫጩቶቼ ይጠጡ።»

«የሟች ልጅ መሆኑን የሚያውቅ ምስክር ሳይቀርብ አልወስንም። ችሎቱም ሊነሳ ነው።»

«ጎረቤታችን ያውቀኛል» አለ ካሳ። «አቶ ምናሉ።»

ትርንጎ በመጣችበት ተመለሰች። ምናሉ ከቢሮው ሲወጣ በሱቋ ደጃፍ አገኘችው። «ወንድሜ፣ መስክርልኝ፤ ካሳ ወራሽ ይባል፤ ውሉ ይፈረም፤ ፈቃዱ ይታደስ፤ ማሸጊያው ይነሳ፤ ጫጩቶቼ ይጠጡ።»

«የማሽገው ሌላ ሱቅ አለብኝ። ሰኞ ነይ።» መንገዱን ቀጠለ።

ትርንጎ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«በሕግ አምላክ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ይህን ቃል የሰማ፣ የሚሮጥ ሌባ እንኳ ቢሆን ይቆማል፤ ከአያት የወረደ ነው። ምናሉም ቆመ፤ አንድ እግሩን እንዳነሳ። መንገደኛውም ሊያየው ቆመ።

«እትዬ፣ ልቀቂኝ።»

«እኔ መቼ ያዝኩህ? የያዘህ ሕግ ነው። ወደ ዳኛዋ ከሆነ ግን ተራመድ።»

ተራመደ። እሱ መሰከረ፤ ካሳ ወራሽ ተባለ፤ ውሉ ተፈረመ፤ ፈቃዱ ታደሰ፤ ማሸጊያው ተነሳ፤ በሩ ተከፈተ። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ዝም ብለዋል። ትርንጎ ውሃ አስቀመጠችላቸው። አንዷ እየተንገዳገደች መጥታ ምንቃሯን ነከረች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም።

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት። ያ ቃል ዛሬም ሰው እንደሚያቆም ከተሰማ፣ በየቢሮው የሚራመድ ሹም አናገኝም።