አልጋው ያልገባበት ክፍል

አንድ ሰው ነበረ። ግንበኛ ነው። ዕድሜው አምሳን የተጠጋ፣ በከተማው ውስጥ የስንቱን ቤት መሠረት ያወጣ፣ እጁ የተመሰገነ ግንበኛ። ይህ ሰው ሜትር ማውጣት አይወድም ነበር። ከግድግዳው ፊት ቆም ይልና አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «አራት ከሃያ» ይላል። ሠራተኞቹ ሲለኩት አራት ሜትር ከሃያ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዓይን ነበረው፤ ዓይኑን አመነ። እናንተስ ብትሆኑ አታምኑም?

ኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠና አሠሪዎች፣ ንድፍ ማንበብና መሣል የማይችል ፎርማን አንቀጥርም ማለት ጀመሩ። ምን ያድርግ? እርሳስና ማስመሪያ ገዝቶ፣ ልጆቹ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር የንድፍ ጀማሪዎች ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። ስሙ ደምሰው ይባላል።

የምታስተምራቸው ስምረት የምትባል ወጣት መምህርት ነበረች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስተማረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለክቶ፣ አሳንሶ መሣል። መሬት ላይ አንድ ሜትር የሆነው ወረቀት ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁሉም ሃምሳ ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ሳሎኑም ጓዳውም አልጋውም በሩም እኩል ያንሳል፤ ለአንዱ ማድላት የለም። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠቻቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ቤት ከነግቢው ለክቶ፣ ሥሎ እንዲያመጣ።

ደምሰው በልቡ ሳቀ። ቤቱን የገነባው እሱ ራሱ አይደለም? ሳይለካ፣ ቁጭ ብሎ ከራሱ አውጥቶ ሣለው። መምህርቷ ሥዕሉ ላይ ማስመሪያዋን አሳርፋ፣ ከግቢው ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ሲደመሩ ከውጭው ግድግዳ እንደሚበልጡ አሳየችው። ቤት ከራሱ ግድግዳ ሊያልፍ አይችልምና ሄደው በሜትር ይለኩ አለችው። ደምሰው በልጆቹ እኩዮች ፊት አፈረ።

እነዚያ ሁለት ክፍሎች ምንድን ናቸው? አንደኛው ዕቃ ቤት ነው። ሌላው የአክስቱ የወይዘሮ ብርዛፍ መኖሪያ ነው። ወይዘሮ ብርዛፍ የአባቱ እኅት ናቸው። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሲሞቱበት፣ ከአፋቸው ነጥለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሱም ውለታቸውን አልረሳም። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ከገጠር አምጥቶ፣ ከግቢው ጀርባ ክፍል ሠርቶ አስቀመጣቸው፤ ሰባት ዓመት ሆነ። ሰፈርተኛው ሁሉ እንደ ደምሰው ያለ ጧሪ ይስጠን እያለ ይመርቀዋል። ሐሰትም አይደለም። ልብስ አላጎደለባቸውም፤ ከአንድ ገበታ ነው የሚበሉት። ጉልበታቸው አልዘረጋ ብሎ ማነከስ ሲጀምሩ ጠበል ወስዷቸዋል፣ የሚታሽ ቅባት ገዝቶላቸዋል። ሰው ሲጠይቀው እርጅና ነው ይላል።

ከአራት ዓመት በፊት ታዲያ ሲሚንቶ የሚያኖርበት ቦታ ቸገረው። ሠራተኞቹን የአክስቱን ክፍል በብሎኬት ከፍለው ዕቃ ቤት እንዲያወጡለት አዘዛቸው። «ትንሽ ገፋ አድርጉት» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ግንቡ ቆመ፤ ሲሚንቶው ገባ። ከዚያ ወዲህ ወደ አክስቱ ክፍል ዘልቆ አያውቅም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ነው የሚያናግራቸው።

የለካ ዕለት ወይዘሮ ብርዛፍ ለቅሶ ሄደው ነበር። በሩን ከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው። ሜትሩን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጠረ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ወጣ። አንድ ሜትር ከሠላሳ አምስት፣ በአንድ ሜትር ከስልሳ። ቁጥር ነው። ቁጥር ምን ይናገራል?

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቤቱን እንደ አዲስ ሣለ። አሁን ግድግዳው ሁሉ ገጠመ። ደስ አለው። መምህርቷም፣ እንግዲህ በየክፍሉ የሚገባውን ዕቃ ሣሉ አለችና ልኩን ሰሌዳው ላይ ጻፈችላቸው። አልጋ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና።

ደምሰው የሳሎኑን ወንበር ሣለ። የራሱን አልጋ ሣለ። ወደ አክስቱ ክፍል መጣ። የአልጋውን መስመር ሲያሰምር እርሳሱ ግድግዳውን አልፎ ወጣ። አጠፋው። በወርዱ ሞከረ፤ አሁንም አለፈ። አጠፋው። አዙሮ በማእዘኑ ሞከረ። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሊቀደድ ደረሰ።

መምህርቷ መጥታ ከኋላው ቆመች። «ጋሽ ደምሰው፣ አልጋው አልገባም።»

«ሳልሳሳት አልቀረሁም» አላት።

«ልኬትዎ ትክክል ነው፤ ይኸው ግድግዳዎቹ ገጥመዋል። ይህ ክፍል የምንድን ነው? እዚህ እኮ ሰው ተዘርግቶ ሊተኛ አይችልም።»

ልጅቱ የተናገረችው ስለ ወረቀቱ ነው። ስለ ሌላ ምን ታውቃለች? ደምሰው ግን «ዕቃ ቤት ነው» አላት። ዋሸ። የገዛ አክስቱን ከሲሚንቶ ጋር ቆጠረ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም። ትምህርቱ ሳያልቅ ወረቀቱን ጠቅልሎ ወጣ። ቤቱ እስኪደርስ በአእምሮው አንድ ጥያቄ ብቻ ይመላለስበታል። እና እንዴት ነው የሚተኙት? እንዴት?

ሲደርስ ወይዘሮ ብርዛፍ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እሳቸው ባሉበት፣ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አልፎ ገባ። አንሶላውን ገለጥ አደረገ። የአልጋው እግርጌ በመጋዝ ተቆርጧል፤ ጫፉ ላይ ሌላ ጣውላ ተቸንክሮበታል።

«እቴቴ፣ ይህን ማን ቆረጠው?»

«ግንቡን የሠሩት ልጆች ናቸው። አልገባ ሲል ቁረጡት አልኳቸው። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «ሲሚንቶው ዝናብ ሊመታብኝ ነው ብለህ ተጨንቀህ የለ? በዚያ ላይ እኔ ልጨመርብህ? እግሬን ሰብሰብ አድርጌ እተኛለሁ። ለምጄዋለሁ ልጄ።»

ደምሰው ጉልበታቸውን አየ። ጠበል የወሰደውን ጉልበት፣ ቅባት የገዛለትን ጉልበት። እርጅና ነው ያለውን። እዚያው ሲሚንቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ማልቀስ እንኳ አልቻለም። የስንቱን ሰው ቤት ያቆመ እጅ ይህን ደግሞ ሠርቷል፤ ባለ እጁ ግን አላወቀም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት መዶሻ አንስቶ ግንቡን አፈረሰ። ሲሚንቶውን ደጅ አወጣው፤ ዝናብ ይምታው አለ። አዲስ አልጋ አስመጣ፣ ሙሉ አልጋ፣ አንድ ሜትር ከዘጠና። ወይዘሮ ብርዛፍ መረቁት።

ጎሕ ሲቀድ ሊያያቸው ገባ። ምን አየ መሰላችሁ? በሰፊው አልጋ ላይ፣ ከራስጌው ጥግ፣ ጉልበታቸውን ከደረታቸው አጥፈው ተኝተዋል። ግማሹ አልጋ ባዶ ነው።

«እቴቴ፣ ዘርጊው እንጂ። አሁን ቦታ አለሽ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉት። «እግሬ ነው እንቢ ያለኝ።»

ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሙ በየቀኑ ቀስ እያሉ ቢያለማምዱት ጥቂት ሊዘረጋ ይችል ይሆናል፣ ሙሉ በሙሉ ግን ተስፋ አልሰጥም አለው። ደምሰው ወደ ትምህርቱ ተመለሰና መምህርቷን፣ ያ ክፍል ዕቃ ቤት አልነበረም፣ ያሳደገችኝ አክስቴ መኝታ ነበር አላት። እስከ ዛሬም፣ ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ተንበርክኮ የአክስቱን እግር ያለማምዳል። ባለፈው ፋሲካ አንደኛው ጥቂት ዘርጋ ብሏል።

ምእመናን፣ ይህ ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን አልነግራችሁም ነበር። «እኔን አይመለከትም» ብላችሁ በሰላም ወደ ቤታችሁ ትሄዱ ነበር። የሚያስደነግጠው ደግ መሆኑ ነው! የሚያበላ፣ የሚያለብስ፣ ጠበል የሚወስድ ደግ ሰው። ያሳደገችውን ሴት ጉልበት ያጠፈው እሱ ነው፤ በጭካኔ አይደለም፣ «ትንሽ ገፋ አድርጉት» በሚል ቃል ነው።

እኛስ ማንን ገፋ አድርገናል? የቤት ሠራተኛችሁ የት ነው የምትተኛው? ታውቃላችሁ? አባወራው፣ ሚስትህ ለራሷ የምትቀመጥባት ስንት ደቂቃ አላት? ለክተህ ታውቃለህ ወይስ በዓይንህ ነው የገመትከው? አንዳንዱ ልጅ በአባቱ ቁጣ ውስጥ ተጣጥፎ ያድጋል፤ ለምዶታል። ሲያጎነብስ ስናይ ዓይን አፋር ነው እንላለን። ቅባት እንገዛለን!

አላጉረመረሙም አትበሉኝ። የሚወዱን ሰዎች አያጉረመርሙም። አልጋቸውን ያስቆርጣሉ።

ግንብ በአንድ ከሰዓት ይፈርሳል። የታጠፈ ጉልበት ግን በአንድ ከሰዓት አይቃናም። ስለዚህ ዛሬውኑ አፍርሱት እላችኋለሁ፤ ለሱባኤ አታቆዩት፣ ለዓመት በዓል አታቆዩት።

በየማለዳው ምን እንባባላለን? እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ። ደምሰውም አራት ዓመት ሙሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ እንዴት አደርሽ ሲል ኖሯል። እግዚአብሔር ይመስገን ይሉታል፤ ይሄዳል። እናንተ ነገ ጠዋት ይህን ቃል በቤታችሁ ስትናገሩ፣ ከደጃፉ አትመለሱ። ግቡ። አንሶላውን ግለጡ። ያ ሰው በእርግጥ እንዴት እንዳደረ እዩ።