ውሃ ብላ የጮኸችው ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ከአባይ ገደል አፋፍ ላይ፣ እንየው፣ አንጓችና ይስማው የሚባሉ ልጅ ያልወለዱ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እኅት በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ገደሉ ውስጥ ብቻዋን የቀረች የሰባት ዓመት ልጅ አገኙ። መስማትም መናገርም የማይችል አባቷ ከሰው ርቆ አሳድጓት ሞቶባታል፤ የሰው ቃል ሰምታ አታውቅም። ቤታቸው ወሰዷት፤ ዝናሽም አሏት።

ታላቁ እንየው አዳኝ ነበር። ጫካ ይዟት እየሄደ እንደ ቆቅ ይጮሃል፣ እንደ ነጎድጓድ ያጉረመርማል። ልጅቱ አፍ አፉን እያየች እንደ እሱ ጮኸች። ተዘግቶ የኖረው ጉሮሮዋ ተከፈተ።

ታናሹ ይስማው ውሃ እየቀዳ «ውሃ»፣ እሳት እያሳየ «እሳት» ይላታል። ልጅቱ ዝም ብላ ታየዋለች። ጎረቤት ሳቀበት።

«ትሰማኛለች» አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተወም።

አንጓች ማስተማር አታውቅበትም፤ ሥራ ግን ታውቃለች። ግንድ ሲነሳ አንዱን ጫፍ ለልጅቱ ትሰጥና «ሆ!» ትላለች፤ እኩል ያነሳሉ። አንድ ጠዋት ልጅቱ ቀድማ ግንዱን ያዘችና «ሆ!» ብላ ዓይን ዓይኗን እያየች ጠበቀቻት። አንጓች እንባዋ መጣ። «ጠራችኝ!» አለች በልቧ።

በሦስተኛው ክረምት መግቢያ ሦስቱ ደረቅ ወንዝ ውስጥ እንጨት ሲለቅሙ፣ ዳገቱ ላይ የነበረችው ዝናሽ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ አየች። እንደ ነጎድጓድ ጮኸች፦

«ሆ! ውሃ! ውሃ!»

ሮጠው ወጡ። ጎርፉ ተረከዛቸውን ነክቶ አለፈ። ከዚያ ቀን በኋላ አፏ አልተዘጋም፤ ስለ ትናንት ታወራለች፣ ስለ ነገ ትጠይቃለች፣ ያላየችውን አገር ታስባለች።

ኋላ ሦስቱ ቤት ሲለያዩ ልጅቱን ሁሉም ፈለጋት። የአገር ሽማግሌዎች ተጠርተው «አንደበት የሰጣት ይውሰዳት» ብለው ፈረዱ።

«ድምፅ ከሌለ ቃል በምን ይወጣል? ድምፁን ያገኘችው ከእኔ ነው» አለ እንየው።

«ዝም ብላ ብትጮህ ወፍ መስላን ባለቅን ነበር። ያዳነን ቃሉ ነው» አለ ይስማው።

አንጓች ወደ ፊት ወጣች። «ድምፁም ቃሉም ነበራት። ለሰው መናገር እንደሚቻል ያወቀችው ግን ከእኔ ጋር ነው።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«እኔ እንጃ» አለች ዝናሽ። «እንዳይሞቱብኝ ፈራሁ፤ ቃሉ ራሱ ወጣ።»

ሽማግሌዎቹም ፍርዱን ለሰሚው ተዉት። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ለዝናሽ አንደበት የሰጣት ማን ነው? ከማንስ ቤት ትደር?