የጭቃ ጆሮ

ያኔ፣ ውሻ አንደበቱን ሳይነጠቅ፣ ስሙ በተረሳ አንድ አገር፣ በረዶው የሳር ቤቱን ሁሉ ሲወግር፣ ጓንጉል የሚሉት ሰው በጎረቤቱ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ጉልላት ይነቅል ነበር።

«ኧረ ውረድ! ኧረ ተው አንተ ሰው!» ይላል ከታች ችለው። ችለው የቤቱ ውሻ ነው። ይጮኻል፤ ነጎድጓዱ ይውጠዋል። ይዘላል፤ ጣሪያው ላይ አይደርስም። ስንዱ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅም የሌላት፣ ውስጥ ሆና የጎታዋን አፍ በቁርበት ትሸፍናለች። ጎታው ውስጥ ያለው የዘር ጤፍ ነው። ሌላ የላትም።

መቼም ታውቃላችሁ፤ ያ ከሳር ቤት አናት ላይ የሚደፋው ገንቦ ከሌለ ዝናብ በምሰሶው ይወርዳል። ምሰሶ ከበሰበሰ ደግሞ ቤት የለም። የጓንጉልን ጉልላት በረዶ ሰብሮበታል። ሸክላ ሠሪዎቹ ከወንዝ ማዶ ናቸው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ እስከ መስከረም አያሻግርም። ታዲያ ምን አደረገ? ወንድ ካለበት ቤት አልሄደም። የመበለት ጣሪያ መረጠ። እስቲ ይህ ሥራ ነው?

ገንቦውን በጋቢው ጠቅልሎ ሲወርድ ለችለው አጥንት ወረወረለት።

«እንካ፤ አንተም ኑርበት።»

ችለው ሆዱ ባዶ ነበር። አጥንቱን ግን አልነካውም።

ስሙን ያወጣችለት ስንዱ ናት። ባሏን በቀበረች ሳምንት፣ የሰው አፍ ሲበዛባት፣ ለመንደሩ ሁሉ መልስ ይሁን ብላ ችለው አለችው። እሱም ሲችል ኖረ።

በማግሥቱ ጠዋት ጓንጉል መጣ። ምን ሊያደርግ? ሊያዝን!

«እትዬ ስንዱ፣ ጉልላትሽን ነፋስ ወሰደው አሉኝ። ነፋስ ነው፤ ነፋስ ምን ይደረጋል? ቆይ፣ እኔ በሳር ልወትፍልሽ።»

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ! ሰውማ አለኝ።»

ወጣ፤ ሁለት ጭብጥ ሳር ወተፈ፤ ወረደ። ምሳ ቀረበለት፤ ሽሮ ከነቅቤው፣ ጠላ በዋንጫ። የቀደደው እሱ፣ የደፈነው እሱ፣ የበላው እሱ።

«እመቤቴ፣ ነፋስ አይደለም! እሱ ነው!» አለ ችለው።

«ዝም በል! የደረሰልኝን ሰው ልታስቀይምብኝ ነው?»

ደግሞ ዘነበ። ሳሩ ውሃ ጠጣ፤ ውሃው በምሰሶው ወረደ። ጓንጉል መጣ። «ነፋስ ነው፤ ነፋስ ምን ይደረጋል?» ወተፈ፤ በላ፤ ሄደ።

ሦስተኛ ዘነበ። አሁንስ የጎታው ሥር ረጠበ። አንድ ዝናብ ቢደገም ዘሩ መሻገቱ ነው። ጓንጉል መጣ። «ነፋስ ነው፤ ነፋስ ምን ይደረጋል?» ይህን ጊዜ ዶሮ ታረደለት። ዶሮ! እጁን ታጥቦ ሊጎርስ ሲል ችለው አልቻለም፤ ባቱን ያዘው። ስንዱ ፍልጥ አነሣች፤ የችለውን ወገብ አለችው።

ወገቡን እየጎተተ ወጣ። ከአጥሩ ሥር የጓንጉል ውሻ ተጋድማለች። አጥንቷ ይቆጠራል። ጓንጉል ስሟን ምናገባህ ብሏታል፤ ይህም ለመንደሩ መልእክት መሆኑ ነው።

«መቱህ?» አለችው።

«መቱኝ። በእውነት ላይ ተመታሁ። አንቺ፣ ያ ገንቦ ጣሪያችሁ ላይ ተጎልቶ ሰው እንዴት አያውቀውም?»

«በምን ያውቀዋል? በጭቃና በእበት ለቅልቆታል። ዝናብ ባጠበው ቁጥር፣ ሲያባራ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቀድሞ ይለቀልቀዋል። ሰዉም ‹አይ ጓንጉል! እንዴት ያለ ታታሪ ነው› ይላል።»

«ጆሮውስ? አንድ ጆሮ የለውም እኮ! እኔ ነኝ የሰበርኩት፤ ቡችላ ሳለሁ፣ ዶሮ ሳባርር። ገንቦው ጣሪያ ላይ የወጣው በዚያ ምክንያት ነው።»

«የጭቃ ጆሮ ቀጥሎለታል።»

«ይህን ሁሉ እያየሽ ዝም?»

«ብናገር ማን ያበላኛል?»

«አሁንስ ማን ያበላሻል?»

ምናገባህ ጎኗን ዞራ አየች።

ችለው በቀጥታ የመንደሩ ዳኛ፣ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄደ።

«ጌታዬ፣ አቤት! አውጫጭኝ ይጠራልኝ።»

«ውሻ አይመሰክርም» አለ ጭቃ ሹሙ። «ባጥንት ይገዛል ይላል ሕጉ።»

«መቼ ልመስክር አልኩ? አቤት ነው ያልኩት። ውሻ አቤት አይበል የሚል ሕግ አለ?»

ጭቃ ሹሙ ጢሙን ጎተተ። ቢያስብ ቢያስብ እንዲህ ያለ ሕግ አጣ።

አውጫጭኝ እንዲህ ነው፦ ነገር ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ሜዳ ይወጣል፤ የወሰደው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ፀሐይ ይሁን፣ ዝናብ ይሁን፣ ቁጭ ነው። ሜዳው ደግሞ ከጓንጉል ቤት ፊት ለፊት ነበር።

ጓንጉል ከት ብሎ ሳቀ። «እናንተ ሰዎች! ለነፋስም አውጫጭኝ ይጠራል? ነፋስ ነው፤ ነፋስ ምን ይደረጋል?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ስንዱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ይቅር በሉኝ፤ ውሻው አብዶብኝ ነው» አለች።

«እንግዲህ አቤት ብለሃል» አለ ጭቃ ሹሙ። «ምስክርህን ጥራ።»

«እየመጣ ነው ጌታዬ።»

«ከወዴት?»

ችለው በአፍንጫው ወደ ተራራው አመለከተ። ተራራው ጠቁሯል።

ጓንጉልም አየ። ሳቁ ቀረ።

«ጭቃ ሹም፣ ጥጃ ሳላስር ነው የመጣሁ።»

«ሳይታሰር ይዋል።»

«ምሽቴን ቁርጠት ይዟታል።»

«ኧረ እኔን ምንም አልያዘኝ!» አለች ምሽቱ ከሴቶቹ መሀል።

«እንግዲያው ጣሪያዬን አንዴ ልየው!»

«ጣሪያህ ምን ሆነ?»

ጓንጉል አፉን ያዘ።

ዝናቡ መጣ። ሰዉ ጋቢውን ተከናነበ እንጂ አልተነሣም። ከጓንጉል ጣሪያ አናት ቡናማ ውሃ ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ እበቱ ሄደ። ቀጥሎ ጭቃው። በመጨረሻ የጭቃው ጆሮ ተገነጠለ፤ በሳሩ ላይ ተንሸራተተና ደጃፉ ላይ ዱብ አለ። ምናገባህ ሄዳ አሸተተችው። ጌታዋን አየችው። ከዚያ በአፏ ያዘችና አምጥታ ጭቃ ሹሙ እግር ሥር አኖረችው። ያደረገችው ይህን ብቻ ነው፤ ግን አደረገችው።

አናቱ ላይ ባለ አንድ ጆሮ ቀይ ገንቦ ቀረ።

«ገንቦዬ!» ብላ ስንዱ ተነሣች። «አንተ! ዶሮዬን አርጄ ያበላሁህ!»

«ነፋስ...» አለ ጓንጉል።

«ነፋስን ተወው» አለ ችለው። «ስሙን ስታነሣ ከርመሃል፤ መናገር አይችልም ብለህ። ይኸው ዝናብ ተናገረለት።»

ጭቃ ሹሙ ፈረደ። ጓንጉል በዚያው ዝናብ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ገንቦውን አወረደ፤ ሰው ሁሉ እያየው ተሸክሞ ሄዶ በስንዱ ምሰሶ ላይ ደፋው። የሱ ቤት እስከ መስከረም ያለ ጉልላት ይክረም ተባለ። ከረመም። ሳር ልወትፍልህ ያለው የለም።

ችለው ግን ያን ማታ ቤት አልገባም። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጋደመ። ፍልጡ ያረፈበት ወገቡ አብጧል። በማግሥቱ ስንዱ ምሰሶዋን ዳበሰች፤ እጇ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። የጎታዋን ሥር ዳበሰች፤ ጠፈፍ ብሏል። ከዚያ በሩን ከፈተች። ለውሻ ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚጀመር አታውቅም። በመጨረሻ ከምድጃው አጠገብ ያነጠፈችውን ቁርበት በእጇ አሳየችውና እንዲህ አለችው፦

«ግባ ችለው። ፍልጡ ለኔ ነበር የሚገባ። ለውሻው ጆሮ የነፈገ፣ ለሌባው ምሳ ያቀርባል።»